ኬኩም ሸራ ነው

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር መጀመሪያ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ አንድ ነገር ለመነችኝ። ሴት ልጇ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጅቱ ለልደቷ የምትፈልገው ኬክ የአባቷን ባጃጅ የሚመስል ነው፤ ሰማያዊ፣ ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው፣ ከኋላው ላይ አባቷ ያስጻፈው ጥቅስ ሳይቀር። በሰፈራችን ኬክ እየሠራች የምትሸጠው ሴት ደግሞ «ሥዕሉን አምጪልኝና እሞክረዋለሁ» ብላታለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሠዓሊ አይደሉ? በአንድ ወረቀት ላይ ቢነድፉልኝ» አለችኝ። እኔም ሥራ እንደበዛብኝ ነገርኳት፤ ቀጥዬም፣ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ በሚቀላበት አነጋገር፣ «የእኔ ሥራ በሸራ ላይ ነው፤ ኬክ ላይ አይደለም» አልኋት። ይቅርታ ጠይቃ ሄደች።

የልደቱ ዕለት ተጠርቼ ወረድሁ። በጠረጴዛው መካከል የቆመው ኬክ እ.ኤ.አ. በ2013 «ፍሮዝን» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ የምትታየውን፣ በረዶ ከእጇ የሚወጣውን ነጭ ጠጉር ልዕልት የያዘ ነበር። ቀኑ ከፋሲካ በፊት የዋለ ስለ ነበር ኬኩ ወተትም እንቁላልም ያልገባበት የጾም ኬክ ነው፤ ልዕልቲቱም በጾም ክሬም ላይ ቆማለች። ሕፃናቱ ዘመሩ፣ አጨበጨቡ። አባት ከሥራ ዘግይቶ ገባ፤ ኬኩን ጥቂት ተመልክቶ «ይህቺ ደግሞ ማናት?» ሲል ጠየቀ። ልጅቱ የፊልሙን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳችው። እርሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ከዚያም ከልዕልቲቱ ቀሚስ ጫፍ የተቆረሰለትን ቁራሽ ተቀብሎ በላ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ቁራሽ ነው። ክሱም በቅድሚያ በራሴ ላይ፣ ቀጥሎም እንደ እኔ ባሉት የሥነ ጥበብ ባለሙያዎች ላይ የሚቀርብ ነው።

ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ከአንዳንድ የባህል ጉዳይ ኃላፊዎችና ከመምህራን ወገኖች የሚሰነዘርልኝ መልስ አንድ ነው፤ ልደት ማክበር ራሱ የባዕድ ልማድ ነው፤ ኬኩም፣ ሻማውም፣ ፊኛውም አብሮ ቢቀር ማን ይጎዳል? የሚል። ይህ አስተያየት ለሰሚው ሀገር ወዳድ ይመስላል። ነገር ግን ስንፍናን በሀገር ወዳድነት ካባ ከመሸፈን ያለፈ ፋይዳ የለውም። እርግጥ ነው፣ አያቶቻችን የተወለዱበትን ቀን በየዓመቱ አላከበሩም። ብዙዎቹ የልደታቸውን ቀን የሚያውቁት በወሩ በዓል ነው፤ «የሚካኤል ዕለት ነው የተወለድሁት» ይሉናል፤ ዓመተ ምሕረቱን ሲጠየቁ ከአንድ ጦርነት ወይም ከአንድ ረኀብ ጋር አያይዘው ይገምቱታል። ይህ ማለት ግን የልጅ መወለድ ምግብና ሥርዓት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሕፃኑ መሬት በነካባት ሰዓት ሴቶች ተሰብስበው እልል ይላሉ፤ የእልልታው ቁጥር እንደ አገሩ ቢለያይም ለወንድና ለሴት የተለየ ነው። ገንፎ ይገነፋል፤ ክብ ተራራ ሆኖ ይቀርባል፤ መካከሉ ይጎደጎድና በቅቤና በበርበሬ ይሞላል፤ ሁሉም ከየአቅጣጫው ወደ መካከሉ እየጠቀሰ ይበላል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ደግሞ ድፎው ይቆረሳል። ለልጅ ልደት ተብሎ ቅርጽ የተሰጠው ምግብ በዚህች አገር እንግዳ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ገንፎ በልቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ሕዝብ ባዕድ ነገርን እንዴት አድርጎ የራሱ እንደሚያደርግ ለማስተማር የእኛ ክፍለ ከተማ ስም ብቻ ይበቃል። ነባር ነዋሪዎች እንደሚናገሩት «ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም በአካባቢው ከነበረው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ የመጣ ነው። ያለ ሽቦ፣ በአየር ብቻ የሚሄድ መልእክት የገረመው ሰው የፈረንጁን ቃል አልደገመም፤ የሚያውቀውን ንፋስና የሚያውቀውን ስልክ አገናኝቶ፣ አንድ ገጣሚ ቢሰማው የሚቀናበት ስም አወጣለት። ከፒያሳ ኬክ ቤቶች የወረስናቸው ቃላት ግን ይህን ዕድል አላገኙም፤ ቶርታው ቶርታ፣ ሚልፎሊው ሚልፎሊ፣ ቦምቦሊኖው ቦምቦሊኖ እንደሆነ ከነጣሊያንኛ አፉ ገብቶ ቀረ። በቃሉ ላይ አልከራከርም፤ ጣፋጭ ነገር በማንም ቋንቋ ይጣፍጣል። የምከራከረው ከኬኩ በላይ ስለሚቀመጠው ነገር ነው።

ደግሞስ ባዕድ የምንለው ልማድ እዚያው በተወለደበት አገር እንዴት እንደ ተሠራ ማን ጠይቋል? በኬክ ላይ ሻማ መትከል በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን አገር ለሕፃናት በዓል የሚደረግ ነገር ነበር። ዛሬ በአማርኛ ቃል አልብሰን በየቤቱ የምንዘምረው የልደት ዜማ ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1893 ሁለት አሜሪካውያን እኅትማማቾች ያሳተሙት፣ ሕፃናት ጠዋት ወደ ክፍል ሲገቡ እንዲዘምሩት የተዘጋጀ ሰላምታ ነው፤ አንደኛዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። አንዲት መምህርት ለክፍሏ ልጆች ስትል ያዘጋጀችው ነገር ዓለምን አዳረሰ። የእኛ የሙዚቃና የሥዕል መምህራን ለክፍላቸው ልጆች ስንት ነገር ሠርተው ይሆን? መምህራኑን እዚህ ላይ አልለቅቃቸውም፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ኬክ ቤቱ እንግባ። ከሳር ቤት እስከ መካኒሳ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞና ለቡ ድረስ ባለው ሰፈር የልደት ኬክ የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መንገድ ዳር መስተዋት ያላቸው ኬክ ቤቶችና በኮንዶሚኒየም ቤታቸው ውስጥ በአንድ ምድጃ የሚሠሩ ሴቶች። ደንበኛው ይመጣል፤ ስልኩን ያወጣል፤ አንድ ፎቶግራፍ ያሳያል፤ «ይህንን አድርጉልኝ» ይላል። ፎቶግራፉ ከአሜሪካ ወይም ከቱርክ የመጣ ነው። ወይ በሚበላ ወረቀት ላይ በማሽን ታትሞ በክሬሙ ላይ ይለጠፋል፤ ወይ ደግሞ ፎንዳንት በሚባለው የስኳር ሊጥ ይቀረጻል። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ የሕፃናት መጽሔት ላይ የተወለደው ስፓይደርማን ዛሬ በጀሞ በወር ስንት ጊዜ በቢላ እንደሚቆረጥ የሚቆጥር የለም።

በዚህ ጉዳይ ኬክ ሠሪዋን የሚወቅስ ሰው እኔን በተቃራኒው ያገኘኛል። እርሷ ትልቅ ባለሙያ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ውኃው እንኳ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ የኬክ አሠራር እዚህ እንዳለ ቢሠራ፣ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ከመጠን በላይ ይነፋና ኬኩ ምድጃ ውስጥ ተኮፍሶ ይነሣል፤ ወዲያውም መካከሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ትቀንሳለች፤ ስኳሩን ትቀንሳለች፤ ፈሳሹን ትጨምራለች፤ እሳቱን ከፍ ታደርጋለች። በጾም ወራት እንቁላሉንና ወተቱን አውጥታ በዘይትና በውኃ ልስልስ ያለ ኬክ ታወጣለች፤ ይህን የጾም ኬክ የትኛውም የውጭ አገር መጽሐፍ ለእኛ ብሎ አላስተማራትም። መብራት በሄደ ጊዜ ክሬሙ እንዳይቀልጥባት የምታደርገውን ጥበብ እርሷ ታውቃለች። እንግዲህ የባዕዱን የኬክ አሠራር መሬታችን አልቀበለውም ሲላት አስተካክላ አገርኛ አደረገችው፤ ከላይ የሚቀመጠውን ሥዕል ግን የሚያስተካክልላት ሰው ስላጣች እንዳለ አስቀመጠችው። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። በሬን አንኳኩተው ነበር።

ሌላም ተቃዋሚ አለኝ፤ እርሱም ከመጀመሪያው የበለጠ አደገኛ ነው፤ የሚመጣው በወዳጅነት ነውና። «ችግሩ ቀላል ነው፤ በልጆቹ ኬክ ላይ መሶብና ጀበና እናድርግ» ይላል። በሠርግና በመልስ ላይ የመሶብ ቅርጽ ያለው ኬክ፣ ከአጠገቡም ከስኳር የተሠራ ጀበና ማየት ከለመድን ቆየን፤ አንዳንዶቹ በእውነት ያምራሉ። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን መሶብ ምኗ ነው? እናቷ እንጀራ የምታስቀምጥበት ዕቃ ነው። ልጅ ዕቃ አትወድም፤ ልጅ የምትወደው የሚንቀሳቀስ፣ የሚናገር፣ የሚያስፈራ፣ የሚያስቅ ነገር ነው። መሶብ በለጠፍሁ ቁጥር ባህል አስተማርሁ ብሎ የሚያምን ሰው ስፓይደርማንን ከሚለጥፈው የሚለየው በለጣፊው ዓይነት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ልጅቱን አልጠየቋትም። የጎረቤቴ ልጅ የጠየቀችው ልዕልትም መሶብም አልነበረም። የአባቷን ባጃጅ ነበር።

ታዲያ ልጆቻችን የሚወዱት ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ያለን ሀብት ያስደንቃል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር አብረው የጀመሩትና ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩት፣ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በጅብ፣ በጦጣ፣ በአንበሳና በአህያ ስንት ትውልድ አሳደጉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ልጆች ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት ያለችውን ቀጭኔ ያውቋታል። ጅቡን የማያውቅ፣ ድምፁንም በእንብርክኩ ሄዶ የማያስመስል ልጅ በየትኛው ሰፈር አለ? ከለቡ በኩል ያሉት ልጆች በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጅቡቲ ባቡር መነሻ፣ የፉሪ ለቡን ጣቢያ ያውቃሉ። ከሳሪስ መንገድ ያሉት በከተማው ባቡር «ንፋስ ስልክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጣቢያ ላይ ወርደው ያውቃሉ። ሰማያዊና ነጩ ታክሲ ከነረዳቱ አለ። ከነዚህ መካከል አንዱን በኬክ ላይ አድርጎ የሚሥል ሠዓሊ ግን የለም።

ይህን ሥራ የሚንቅ ባለሙያ ቢኖር ከሳር ቤት ራቅ ሳይል ወደ ቪላ አልፋ እንዲመለከት እለምነዋለሁ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በዚያ ቤታቸው ኖረው በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. አረፉ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ሜትር ካሬ የመስተዋት ሥዕል የሠሩ እኚሁ ሰው ቴምብር ነድፈዋል፣ ፖስተርና ባንዲራ ነድፈዋል፣ የክብር ልብስ ነድፈዋል፤ የመጫወቻ ካርታ እንኳ ነድፈዋል። የመጫወቻ ካርታ! በየመጠጥ ቤቱ በጠረጴዛ ላይ የሚወረወር፣ ቡና የሚፈስበት ወረቀት። እርሳቸው ያላፈሩበትን እኔ በኬክ አፈርሁ። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ በመሥራቹ ስም አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም በስሙ ውስጥ «ዲዛይን» የሚል ቃል የያዘው ለጌጥ አይደለም። ከዚያ የሚመረቁ ወጣቶች ለአልጋ ልብስ፣ ለመጠቅለያ፣ ለማስታወቂያ ይነድፋሉ። አንድ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለአንተ ተብሎ የተሠራ ነው» ተብሎ የሚሰጠውን የጥበብ ሥራ ግን ለስልክ ፎቶግራፍ ትተነዋል።

ስለ ቁሳቁሱም ጥቂት ልናገር፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከሙግት ይልቅ ደስታ ስለሚሆንብኝ አንባቢ ይታገሠኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአውስትራሊያ አንድ የሴቶች መጽሔት ለልጆች ልደት የሚሆኑ ኬኮች መጽሐፍ አወጣ። በሽፋኑ ላይ ባቡር አለ። ውስጡ ገብታችሁ ብታዩ፣ ማናቸውም እናት በቢላ ቆርጣ የምታገጣጥማቸው ተራ ኬኮች ናቸው፤ የዳክዬዋ አፍ የድንች ጥብስ ነው፤ የራሷ ላባ ፈንዲሻ ነው፤ የመዋኛ ገንዳው ውኃ ጄሊ፣ ግድግዳው ብስኩት ነው። በዚያች አገር ያደጉ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ እናታቸው የትኛውን ኬክ እንደሠራችላቸው ይተራረካሉ። ከዚያ መጽሐፍ የምፈልገው ዳክዬዋን አይደለም። በቤት ያለውን ነገር መዝኖ ምስል ማየት ነው የምፈልገው። ፈንዲሻ እኛ ዘንድ ከየልደቱ ጠፍቶ ያውቃል? በየጓዳው ተበትኖ ይበላል እንጂ የበግ ጠጉር ሊሆን እንደሚችል አላየነውም።

ፎንዳንቱን በተመለከተ ደግሞ የዚህ አካባቢ የኦሮሞ እናቶች ከእኛ በፊት መልሱን ይዘዋል። ጭኮ ምንድን ነው? ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በንጥር ቅቤና በቅመም ይታሻል፤ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል፤ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ያለ ማቀዝቀዣ። በእጅ ሲይዙት እንደ ጭቃ ይታዘዛል። ከዚህ የተሻለ የሚበላ የቅርጻ ቅርጽ ቁስ የት ይገኛል? ጅብ ይወጣዋል፣ አህያ ይወጣዋል፤ የባጃጅ ጎማም ይወጣዋል። ቅቤው በጾም በዘይት ሊተካ ይችላል። በጭቃ ላምና በሬ እየሠራ ያደገ ሕዝብ ለስኳር ሊጥ ለምን እንደሚከፍል አይገባኝም። አምባሻው ራሱ ከመጋገሩ በፊት ፊቱ ላይ በክብ በክብ የሚወጣለት ንድፍ፣ እንደ ጎማ ከመካከሉ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚበተነው መስመር፣ የእናቶቻችን የዳቦ ላይ ሥዕል ነው፤ ድፎውም የኮባውን ቅጠል ሥር ሥር በጀርባው አትሞ ይወጣል።

ቀለሙ ግን ሥጋት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በስድስት ሠራሽ የምግብ ቀለሞች ላይ የልጆችን ባሕርይና ትኩረት ሊያውኩ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲለጠፍ አድርጓል፤ የአሜሪካ መንግሥትም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ቀይ ቁጥር 3 የተባለው ቀለም ከምግብ እንዲወጣ ወስኗል። በእኛ ጓዳ ቀይ ሥር አለ፤ እርድ አለ፤ ቆስጣ አለ፤ ቡና አለ። እዚህም ላይ ሙያ ይጠይቃል፤ የቀይ ሥር ቀለም በእሳት ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ክሬሙ ላይ እንጂ ሊጡ ውስጥ አይገባም። እርድ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ቢጫ ፀሐይ ሠርታ ቀይ ያገኘች ሴት እንዳትደነግጥ ቀድሞ ማወቅ አለባት። ሰማያዊው ግን ከጓዳ አይገኝም፤ ለባጃጁ ያስቸግራል። ይህን አልደብቅም።

አሁን ወደ መምህራኑ። በመዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የልደት ኬክ ወደ ክፍል ማምጣት የተለመደባቸው ቦታዎች አሉ። አንድ ልጅ ትልቅ ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው እናቱ የጋገረችውን ድፎ። በአንድ ክፍል ውስጥ ድፎውን ያየ ልጅ «ይህ ልደት ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ድፎውን ያመጣው ልጅ ዳቦውን ወደ ቦርሳው ለመመለስ ሞከረ። ዕቁብ ደርሷት ገንዘቡን ለአንድ ቀን ኬክ ያዋለች እናት የምትፈራው ይህችን ቅጽበት ነው፤ ባትፈራት ኖሮ ለቤት ኪራይ ባዋለችው። መምህሯ ልደት ይቅር ብትል ልጆቹ ወደ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ እንጂ አይቀርም። ሌላ መንገድ ግን አላት። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ፣ መልአክም ሥለው በየቤቱ ያድላሉ፤ ለዚያ ሥዕል ማንም ከስልክ ሞዴል አያወጣላቸውም። በዚያው እጅ ባለ ልደቱ ኬኩን ወይም ዳቦውን በወረቀት ይሣለው፤ የክፍሉ ልጆች በአንድ ላይ ይንደፉለት፤ ድፎ የሚያመጣም ኬክ የሚያመጣም ልጅ ሥዕሉን ይዞ ይምጣ። ያን ጊዜ የሚወዳደረው ገንዘቡ ሳይሆን ሥዕሉ ይሆናል፤ በሥዕል ደግሞ የድሃው ልጅ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ከ20 ዓመት በላይ ሥዕል ስላስተማርሁ ይህን ያለ ጥርጥር እናገራለሁ።

ከባህል ጽሕፈት ቤቶች የምፈልገው አዋጅና ዐውደ ጥናት አይደለም፤ ብዙ ዐውደ ጥናት ተቀምጫለሁ፤ ሁሌም በቡና ዕረፍት ላይ የሚቀርበው ኬክ ላይ ስለ ባህል ተናግሬያለሁ። የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ በየወረዳው ያሉ ኬክ ሠሪዎችና ሠዓሊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት አንድ ቅዳሜ። ሠዓሊው ንድፉን ይዞ ይምጣ፤ ኬክ ሠሪዋ «ይህ በክሬም አይቆምም፤ አንገቱ ቀጭን ነው፤ ይሰበራል» ትበለው፤ እርሱም ይማር። ይህ መጽሔት ደግሞ በሚቀጥለው ቅጽ አንድ ገጽ ቢሰጠን፣ ማናቸውም እናት ወረቀቱን ቆርጣ በኬኩ ላይ አስቀምጣ በቢላ ጫፍ ልትከተለው የምትችል ንድፍ ብናትምበት፣ የገጹ ክብር አይጎድልም። የጅቡን ንድፍ እኔ አስረክባለሁ።

ልጅቱ በመጪው ሚያዝያ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ባለፈው ሰሞን ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁና ባጃጁን ገና ትፈልገው እንደሆነ ጠየቅኋት። ዘንድሮ አንበሳ ነው የምፈልገው ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሦስት ንድፍ ዘርግቼ አሳየኋት፤ አንዱን ገፋች፣ ሁለተኛውን ገፋች፣ ሦስተኛው ላይ አጎንብሳ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ጎማው ትንሽ ነው፤ የአባዬ ከዚህ ይበልጣል» አለችኝና እርሳሱን ከእጄ ወስዳ አስተካከለችው። ጥቅሱን ምን እንደሆነ ግን አታስታውሰውም፤ አባቷ ማታ ሲገባ እንጠይቀዋለን።